ኮንትራት

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ ጨለማው ሳይሳሳ፣
አባቴ ባጃጁን ጎትቶ ሲያስነሣ፣
እኔ የጫማዬን ክር አስሬ ጨርሻለሁ።

ፊት ፊት እሮጣለሁ፤ እሱ ከኋላዬ፣
በአንደኛ ማርሽ፣ በሽማግሌ እርምጃ።
መብራቱ ጥላዬን አስፋልቱ ላይ ይጥላል፦
ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ እኔን የማትመስል ልጅ።
ሁልጊዜ ትቀድመኛለች።

መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣ የያዘ ሰው
እጁን ያወጣና "ፖስታ ቤት?" ሲለው፣
አባቴ ሳይቆም፣ "ኮንትራት ነው" ይላል።
ሰውየው እኔን ያያል፣ ባዶውን ወንበር ያያል፣
ግራ ገብቶት ይቀራል።

በመስከረም ነበር። ቀዝቃዛ ቅባቷን ሆዴ ላይ አፍስሳ፣
ሐኪሟ በጣቷ መስታወቱን ዳስሳ፣
"ዕንቁልጢሽ ላይ..." ስትል እናቴ ጣሪያ አየች።
እኔ ጥቋቁሮቹን ክቦች ቆጠርኩ፤
አሥራ ሦስት ላይ ጠፋብኝ።

ከበሩ ጀርባ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ፣
የእናቴ እስክሪብቶ አራት ወር ዝም ብሏል፤
የገዛችልኝ ሞዴስ ሳይከፈት አቧራ ለብሷል።
አገጬ ላይ ሦስት ጸጉር። በወረንጦ ብነቅልም
እንደ አበዳሪ ቀን ቆጥረው ይመጣሉ።
ክፍል ውስጥ ወንዶቹ "አቶ ሌንሴ" ይሉኛል።

"ለመክሳት አይደለም" አለችኝ ሐኪሟ፣
"ለስኳርሽ፣ ለእንቅልፍሽ፣ ለልብሽ፤
በሳምንት አምስት ቀን። ልኩን በምን ታውቂ?
ማውራት ሳያቅትሽ፣ መዝፈን ሲያቅትሽ።"

በመጀመሪያው ሳምንት ማውራትም አቃተኝ።
ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ጎኔን ይዤ ቆምኩኝ።
አባቴ ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም።
"ቀጥዪ" አላለም፤ "ተመለሽ" አላለም፤
መሪውን ይዞ፣ እንደ ሰው ጠባቂ፣ ተቀመጠ።

አዳማ ነፋስ አታጣም። ኮረብታው ጫፍ ላይ
ነጫጮቹ ተርባይኖች ሲነጋጋ ይታያሉ፤
አንዳንዱ ይዞራል፣ አንዳንዱ ቆሞ ያድራል፤
የቆመውን ግን ማንም "መካን" ብሎ አያማውም።
ነፋስ እየጠበቀ ነው ይሉታል።

በጥር አንድ ምልክት። የካቲት ባዶ።
በመጋቢት ማብቂያ ሌላ።
እናቴ ባዶውን ሳጥን ትክ ብላ ታያለች፣
እንደዘገየ አውቶቡስ።
ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቀነሰ፤ መልሶ ጨመረ።
የትምህርት ቤቱን ደረጃ ግን፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣
ማክሰኞ ዕለት ሳልቆም ወጣሁት።
ማንም አላየም። እኔ አየሁ።

ከዚያ ነዳጅ ጠፋ። ሰልፉ ከማደያው
ተነሥቶ አደባባዩን ዞሮ፣ ጅራቱ አልታይ አለ።
አባቴ የባጃጁን ቁልፍ ሚስማር ላይ ሰቀለና፣
ለሰርግ የሚያደርገውን ጥቁር ጫማ ተጫማ፤
በነጠላ ጫማ አይሮጥምና።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ተረከዙ ከኋላዬ።
መብራት ስለሌለ ያቺ ቀጭን ልጅ አልመጣችም፤
የሚቀድመኝ ጠፋ።
ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቋቋታው ተቋረጠ።
ዞር ስል ጎኑን ይዟል፣ ሸሚዙ ረጥቧል፤
ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበር፣ አልወጣለትም።
"አባ፣ ማውራት ካቃተህ ፍጥነት ቀንስ" አልኩት፣
"ልኩ እንደሱ አይደለም።"
ሞተሬን አጥፍቼ ጠበቅኩት።

መናኸሪያው ጋ አንድ ደንበኛው አወቀው፦
"ጉተማ! ባጃጁስ?" ሲል እየሳቀ ጠየቀው።
አባቴ እጁን አነሣ፣ ትንፋሹን ለቃቀመ፣
"ኮን... ት... ራት" አለ፣
ከጎኔ።