አስቀምጪው

ከፒያሳ ቁልቁል፣ የሰዓት ሠሪው ጎረቤት፣
አንድ ወንበር፣ አንድ ስካነር፣ ጠባቧ ኮፒ ቤት።

ጋሽ ደምመላሽ ገቡ፣ ዝናቡን አራግፈው፣
አንድ ፎቶ ሰጡኝ፣ ከጋዜጣ ፈትተው፤
ጠርዙን ብል በልቶታል፣ መሃሉ ታጥፏል፣
ጎፈሬ ያበጠረ ወጣት እጁን አጣምሮ ቆሟል።
«ታናሼ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።
እኔም አልጠየቅሁም።

መስተዋቱን ወልውዬ በፊቱ ደፋሁት፤
ነጩ ብርሃን ከእግሩ ጀምሮ ዳሰሰው፣
ባትሪ ይዞ በሌሊት እንደሚፈልግ ሰው።
እጥፋቱ ጋ ሲደርስ መብራት ሄደ።
ጠበቅን። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲያጓራ፣ እንደ አዲስ ነደደ።

«ስሙን ማን ልበለው?» አልኩ፤ ፋይሉን ነበር።
«ይትባረክ» አሉ፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ሲቀር።
«ስካን ዜሮ ሠላሳ ሁለት» የሚለውን አጥፍቼ ጻፍኩት።
«ላስቀምጠው?»
            «አስቀምጪው፤
አርባ ዓመት ሙሉ እንደቆመ ነው።»

ፍላሿን በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሯት።