ሁለት ባላ

ግዲኒያ ወደብ ዳር፣ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ፣
ባሕሩ መስኮቱን በጨው የሚለቀልቅ፤
ትእዛዝ በኪሴ ይዤ መጣሁ በማለዳ፦
«አሮጌው ይወገድ፣ ኮምፒውተሩ ይጽዳ።
ሠላሳ ሁለት ቢት ዘመኑ አልፎበታል፣
በስልሳ አራት ቢት ሁሉም ተተክቷል»
ይላል ወረቀቱ፤ ማኅተም አለበት፣
ማኅተም ካለ ደግሞ ማን ይጠይቅበት።

ቦጉሚዋ ግን፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ፣
ከኮምፒውተሩና ከእኔ መሐል ገብታ፣
«ሰኞ ና» አለችኝ፤ «ዛሬ ዜኖን አለ፣
አሮጌው ከሄደ ጆሮው ተከተለ።»

ዜኖን ገባ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ።
ሠላሳ ዓመት ኖሯል መዶሻ ተመርኩዞ፣
መርከብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ብረት ሲሰፋ፤
የሰፋው ተንሳፈፈ፣ ጆሮው ግን ጠፋ።

ከራስ ቅሉ ሥር አለች የተቀበረች ቅንጣት፣
ለውዝ የምታክል፣ የኤሌክትሪክ ጣት፤
ነርቩን ትነካለች፣ ድምፅ ታደርጋለች፣
የሠራት ድርጅት ከስሮ ወላጅ አልባ ነች።
የምታውቀው ፕሮግራም አንድ ነው፣ አሮጌውን፤
አዲሱ ቢጠራት አትሰማም ቋንቋውን።

አዲሱ ሰፊ ነው፣ ብዙ ያስታውሳል፣
የስንት ሕፃናት ጆሮ ባንዴ ይቃኛል።
አሮጌው ጠባብ ነው፤ ከአራት ጊጋ በላይ
ዓለም ቢዘረጋም ከቶ እሱ አያይ።
የቀን አቆጣጠሩም ገደል አለው ፊቱ፣
ሁለት ሺህ ሠላሳ ስምንት፣ ጃንዋሪ ነው ሞቱ።
ዜኖንስ? አልኩ በልቤ። እስከዚያ ይደርሳል?
ከሁለቱ ማን ቀድሞ ገደሉን ያያል?

ሽቦውን ከጆሮው ኋላ በማግኔት ለጠፈች፣
በአሮጌው መስኮት ላይ መስመር ጎተተች፤
«ሰ» አለች። ዝም።
«ሰ»። ዝም። አንድ ነጥብ ጨመረች።
«ሰ»።
ሰውዬው አንገቱን ወደ መስኮት አዞረ፣
«ዝናብ ነው?» አለ፤ «መቼ ጀመረ?»

ከማለዳው አንስቶ ሲዘንብ ነበረ።

ያን ማታ ቤቴ አልሄድኩም።
ሁለት ክፍል ሠራሁ አንዱን ዲስክ ከፍዬ፣
አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ብዬ።
አዲሱ ተሳስቶ ድራይቨሩን ነጠቀ፣
ሁለቱም ባንድ ላይ ስክሪናቸው ደረቀ።
አፈረስኩ። ደገምኩ። ሻዩ በረደብኝ።
የጽዳት ሠራተኛዋ መብራት አጠፋችብኝ።
ኋላ ግን በመሐል መልእክተኛ አቆምኩ፣
ከወዲያ ሰምቶ ወዲህ እንዲያወራ አዘዝኩ፤
ሰፊ ቁጥር ይዞ ጠባቡ በር ሲደርስ፣
ለሁለት ከፍሎ በተራ እንዲያደርስ።
«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ሲባል
ለዚህ መልእክተኛ የተባለ ይመስላል።
ቢት ከቢት ቢለይም ቤታቸው አንድ ሆነ፣
ሊነጋ ሲል ነው እንቅልፌ የባከነ።

ለአለቃዬ ጻፍኩ፦ «ትእዛዙ ተፈጸመ፤
አዲሱ ተተክሎ በእግሩ ቆመ።»
ውሸት አይደለም። ግን አንድ ነገር ጎድሏል፦
አጠገቡ ደግሞ ሌላ ባላ ቆሟል።
አንዱ ሲሰበር ባንዱ ለመንጠልጠል አይደለም፤
ያላንዱ አንዱ የሚይዘው ሰው ስለሌለም
አይደለም። እንዴት ልበለው?
ሁለት የተለያየ ሸክም ነው ያለው።

ሰኞ ተመለስኩኝ። ሁለቱም መስኮት በርቷል።
ዜኖን ለድጋሚ ቅኝት በግራ ተቀምጧል፤
በስተቀኝ ያግና፣ አራት ዓመቷ ነው፣
ጆሮዋን ባለፈው ሳምንት አዲሱ የከፈተው።
ሽማግሌው ሳያስበው የወንበሩን ክንድ መታ፣
ጠክ፣ ጠክ-ጠክ፤ እንደ ብረት ስፌት፣ በዝግታ።
ልጅቷ ቀና አለች።
ጣቷን አየች። ጠረጴዛውን አየች።
ጠክ፣
ጠክ-ጠክ ብላ መለሰች።

ቦጉሚዋ እርሳሷን ከፀጉሯ ነቀለች።
ምን እንደጻፈች አላየሁም፤
ረጅም አልነበረም።