ስፋቱ አንድ በቅሎ

ስሟን ለሚሰማ ቀልድ ትመስላለች፤
ፌዝ ትባል እንጂ ሥራ ፈት አይደለች።

ቀያሹ ሙንሲፍ፣ ከማዘጋጃ ቤት የተላከው፣
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ሜትር ከኪሱ ያለው፣
በሰማያዊው በር ቁልቁለቱን ያዘው።

መንገዱ ጠበበ፣ ሰማዩም ቀጠነ፤
በሸንበቆው ክዳን ተነፍቶ የወረደ
የረፋድ ብርሃን ትከሻው ላይ ቦነነ።

ግራውን አየና "ሱቅ" ብሎ ጻፈ፦
ቁም ሣጥን የሚያህል፤ ጌታው ከጣራው
በተንጠለጠለ ገመድ ዘሎ የሚገባው፣
አንዴ ከተቀመጠ ሳይነሣ ውሎ
ሁሉን የሚያዳርስ እጁን ዘርጋ አድርጎ።
ቀኙም እንደዚያው ነው። መሀሉ ግን ሰው፣
ከሰው የተረፈ ሰው፣ በሰው መሀል ያለፈ ሰው።
"ይህን ምን ልበለው?
መንገድ ነው? ሳሎን ነው?"

"ባላክ!" አለው አንድ ድምፅ ከኋላው መጥቶ፣
(ዞር በል እንደማለት)፤ ሙንሲፍም ደንግጦ
ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ፣ እንደ ማስታወቂያ ተለጥፎ።
እርጥብ ቆዳ የጫነች በቅሎ አለፈችበት፣
ሜትሩን ረግጣ፣ ደረቱን ታክካ፣ ሸሚዙን አበስብሳበት።

ሳቀ ቡሰልሃም፣ የበቅሎዋ ጌታ፦
"ሜትርህን ክተተው፣ ልንገርህ በተርታ፤
ስፋቱ አንድ በቅሎ፣ ጭነቷም ሳይቀነስ፣
ሲደመር አንድ ሰው፣ ሆዱን ስቦ፣ እስክታልፍ የማይተነፍስ።
የሠሩት ሰዎችም የለኩት በዚህ ነው።
ሁለት በቅሎ ደግሞ ፊት ለፊት ሲገጥም
'አንተ ተመለስ'፣ 'አንተ' የሚል ስድብ አለ፤
እሱንም መዝግበው፣
አየር ላይ ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ ቦታ የሚይዝ ነው።"

"ርዝመቱስ?"
          "ርዝመቱ በሜትር አይሆንም፤
በአፍንጫ ነው እሱ። ዝግባ ዝግባ ካለህ
ከአናጢዎች ሰፈር ገና አልወጣህም፤
ከሙን ካስነጠሰህ ቅመም ተራ ገባህ፤
ከዚያ ወዲያ ግን ጆሮ ነው፣ አፍንጫህ አይምራህ።
መዳብ ሲቀጠቀጥ፣ እዚያ ጋ ቀኝ እለፍ።
ማዓቲ ነው እሱ። አርባ ዓመት ሙሉ
በሱ መዶሻ ነው እኔ የምታጠፍ።"

ሦስት ወር ለካ። መንገዱ እንደ ሽማግሌ ወግ ይዞር ይዞርና
ከአንድ ሰው ደጅ ያበቃል፣ "በል ደህና ዋል" ይልና።

ካርታው በኅዳር አለቀ። ንጹሕ ወረቀት፤
መታጠፊያው በቀይ፣ ሱቁ በቁጥር የተሰፈረበት።
በጥር ደግሞ ማዓቲ ሞተ፤ ሳንቃው ተዘጋበት።

በማግስቱ ቡሰልሃም "ባላክ! ባላክ!" እያለ፣
ሕዝቡን ለሁለት እየከፈለ፣
ሳይታጠፍ ቁልቁል ቀጥታ ቀጠለ፤
ከወንዙ ዳር፣ ከማቅለሚያዎቹ ዘንድ፣ ዞር አለ፤
በቅሎዋ የለችም።
ለካ መንገድ ሲያስለቅቅ የቆየው ለማንም አልነበረም።

ተመልሶ ወጣ። ከተዘጋው ሳንቃ ፊት ቆማለች፤
ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች።
ከኋላዋ ገበያው ተደርድሯል፦ ስኳር የተሸከመ፣
ሕፃን ያዘለች፣ ቁልፍ ሠሪ፣ የቸኮለ፣ የታመመ፤
አንድም ሰው አልተሳደበም።
ሙንሲፍም ከመሀል ነበረ፣ ካርታውን ይዞ በብብቱ፤
በሜትሩ ቆርቆሮ ሳንቃውን መታ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በከንቱ።
በቅሎ በዚህ አትታለልም።

ያን ጊዜ ጎረቤቱ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣
እጁን ልኮ ጭልፋ አነሣ፣
ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን የመዳብ ድስት
አንዴ መታው።
          ቀኝ ታጠፈች።
ተከትሏት ገበያው ሁሉ ታጠፈ፤
ወደዚያ መንገድ የሌለውም አብሮ አለፈ።