የማይታይ ብርቱካን

ማቶዚኞስ ወደብ፣ ከማተሚያው ፎቅ ላይ፣
መስኮት ካልተዘጋ ዓሣ ይሸታል ሰማይ።
እኔ ዙልሚራ ነኝ፤ መለያ እነድፋለሁ፣
ለቆርቆሮ ሰርዲን ልብስ እሰፋለሁ።
ያን ጊዜ ተመርቄ ገና ዓመቴ ነው፣
የቀለሙን ክበብ በቃሌ የማውቀው፤
ቀይ ከአረንጓዴ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ፣
ማን የማን ባላንጣ፣ ማን የማን ወዳጅ፣
ቀለም ቆጥሬያለሁ፣ ያውም በመቶኛ፤
ለካ ቆጣሪ እንጂ አልነበርኩም ዳኛ።

አንድ ማክሰኞ ጧት ዶና ኢዳሊና
ጥቁር ለብሳ መጣች፣ የባል ሐዘን ገና፣
አሥራ አንድ ዓመት አልፎት። ፋብሪካው የእርሷ ነው፣
ዕዳውም የእርሷ ነው፣ ጭቅጭቁም ያው ነው።
ናሙናውን አየች፤ ብርቱካን መደቡ፣
አንድ ግራጫ ዓሣ ተኝቷል በልቡ።
መነጽር አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች፤
«ብር ነበር ያልኩሽ፤ ሰማያዊ!» አለች።

«እመቤቴ» አልኳት፣ «ሌላ የለበትም፤
ጥቁር ከነጭ ጋር ነው፤ ሚዛን አይዋሽም።
ሰማያዊ ጠብታ ከቶ አልተጨመረም፣
ይኸው ቁጥሩን ይዩት፤ ቁጥር አይሰክርም።»
«ዓይኔም አልሰከረም፤» አለች፣ «አልታወረም።»

እኔ ቁጥር ስጠራ፣ እርሷ ዓይኗን ስትጠራ፣
ምስክር በምስክር ስንማታ በተራ፣
ከማሽኑ ጀርባ አዛውንቱ አደሪቶ፣
ጥፍሩ ሥር የአርባ ዓመት ቀለም ተከማችቶ፣
መጣ። ምንም አላለ። ቁራጭ ካርቶን አንሥቶ፣
ምስር የሚያህል ቀዳዳ መኻሉን በስቶ፣
ዓሣው ላይ አስተኛው፤ ብርቱካኑ ጠፋ።
«አሁን እዪው» አላት።

አየች በቀዳዳው፤ ግራጫ፤ ግራጫ ብቻ።
ካርቶኑን አነሣው፤ ሰማያዊው መጣ።
መለሰው፤ ሄደ። አነሣው፤ ደግሞ መጣ።
ሦስቴ አስደገመችው፤ አማተበች፤ ሳቀች፤
«ሌባው ማነው ታዲያ?» ብላ ጠየቀች።

«ሌባ የለም» አላት፤ «ጎረቤት ነው ነገሩ።
ብርቱካን ሲጮኽ ከዳር እስከ ዳሩ፣
ዓይን ይደክመዋል፤ ማረፊያ ይሻል፤
ሰማያዊን ፈልጎ ከየትም ያመጣል።
ግራጫ የዋህ ነው፣ ቤቱ በር የለውም፣
ያለበሱትን ይለብሳል፤ እምቢ ማለት አያውቅም።»
ወደ እኔም ዞረና፦ «እኔ እስከ ዛሬ
ብቻውን የቆመ ቀለም አላየሁም፤
ከመልኩ ግማሹ የጎረቤት ነው፣ የሁሉም።»

«መደቡን እንቀይር?» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።
(አምስት ሌሊት ነበር ያገኘሁት ለፍቼ።)
«ተዪው» አለኝ፤ ከዚያም ከብርቱካን ጣሳ
በቢላ ጫፍ ጨልፎ፣ ለግራጫው ዓሣ
ጣል አደረገለት፤ ከመቶ አራት አይሞላም።
ለብቻው ሳየው ዝገት እንጂ ብር አይመስልም፤
ታትሞ ሲወጣ ግን፣ ከመደቡ መኻል፣
ብር! አሁን ከመረብ የወጣ ይመስላል።
እውነቱን ሳትመው ዋሾ ያሰኘኝ ዓሣ፣
ጥቂት ቢዋሽለት እውነተኛ ሆኖ ተነሣ።

ኢዳሊና ግን ካርቶኑን አልመለሰችም።
ግድግዳውን አየችበት፤ የአደሪቶን ጢም፤
መስኮቱን፤ ባሕሩን፤
ኋላም የገዛ ክንዷን።
እጅጌዋ ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ዘገየ።
ጥቁሯ ጥቁር አልነበረም።
በአሥራ አንድ ዓመት ጨው፣ በሳሙና፣ በፀሐይ፣
የደረቀ ቅጠል ነው፣ ለብቻው ሲታይ።
ከነጭ ግድግዳ ጎን ሲቆም ነው የጠቆረው።
ማናችንም ዝም፤ ማሽኑ ነው የሚያወራው።
ካርቶኗን እንደ ፎቶ ቦርሳዋ ከተተች።

ከዚያ ሒሳቡ ቀረበ። በጣቷ አነበበች፤
«ተጨማሪ ብርቱካን፣ ሁለት ጣሳ» ላይ ቆመች።
«ይህ የት አለ?»
«ዓሣው ውስጥ፣ ግራጫው ጋ ገብቷል።»
«እኔ አላየሁትማ! ላልታየኝ ይከፈላል?»
አደሪቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«በሰርዲንሽ ውስጥ ጨው ታይቶሽ ያውቃል?» አለ።

ከፈለች፤ ግማሹን። «ቀሪው ለማክሰኞ» አለች።
ማክሰኞ አልመጣችም።
ሐሙስ መጣች፣ ያንኑ ጥቁሯን ለብሳ፤
ሦስት ዩሮ አስቀነሰች፣ ከአንደኛው ጣሳ።