የሲያምዊዛ ዕረፍት

ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ዛምቤዚን ስቀዝፈው፣
አንዳንዴ በጀልባ፣ አንዳንዴ በሆዴ ሳልፈው።
ስንት ዓይነት ሰው አየሁ፣ ከፊት የሚቀመጥ፣
በፉከራ ገብቶ፣ በስለት የሚያመልጥ፤
የጥርስ ሐኪም አየሁ፣ የባንክ ሹም፣ ሙሽራ፣
ሰባተኛው ነውጥ ጋ፣ እናቱን ሲጣራ።
በቁጥር ነው እዚህ፣ ነውጡን የምንጠራው፤
ስም ካወጣህለት፣ ወዲያው ነው የሚኮራው።

አመሻሹ ላይ ግን፣
ጨዋታው ሲያበቃ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ሲያልቅ፣
ከባልጩቱ ሸለቆ፣ ከዚያ ገደል ጥልቅ፣
እንግዳው በእግሩ ነው፤ እያለከለከም ይወጣል፤
ጀልባውስ? ጀልባውን፣ ማን ይሸከመዋል?
ሲያምዊዛ ነዋ!
ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር፣
አየሩን አስተንፍሶ፣ ጎማውን ጠቅልሎ፣
ውሃ የጠጣውን፣ በትከሻው አዝሎ፣
በእንጨት መሰላል፣ በጋለ ድንጋይ ላይ፣
ሽቅብ ይቧጥጣል፣ አንገቱ ሳይታይ።
ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ቀዘፋው የእኔ ነው፣ የእሱ ነው ዳገቴ።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ሰኞ ማልዶ፣
መጣ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ከሚኒባስ ወርዶ።
"ዕረፍት ወጣሁ" አለኝ። "ታዲያ ተኛ" አልኩት።
"መተኛትን አውቃለሁ፤ ሌላ ነው ያሰብኩት።"
ለቾልዌ ቆጠረ፣ ክዋቻ በክዋቻ፣
"ቦታ ስጪኝ" አላት፣ "ለአንድ ሰው ብቻ።"
"ለሠራተኛ ቅናሽ..." ብላ ሳትጨርሰው፣
"ዛሬ እንኳ እንግዳ ነኝ" አላት ያ ኩሩ ሰው።

ጃኬት አጠለቀ፣ የራስ ቁርም ደፋ፣
ከፊት ቦታ ያዘ፣ ደረቱን እንደነፋ።
ልንነሣ ስንል ዞሮ፣ ኮስተር ብሎ በጣም፣
"አዞ አለ?" አለኝ።
እዚሁ ወንዝ ዳር የተወለደ ሰው!
"አለ" አልኩት፤ "ግን እንግዳ አይበላም።"

አራትን አለፍን። አምስት ላይ ጮኸ፤
ከደስታ ይሁን ከፍርሃት፣ አልለየሁለትም።
ስድስት ላይ መቅዘፊያው ከእጁ አመለጠው።
ሰባት ላይ ውሃው ተነሣ እንደ ግድግዳ፣
ጀልባው ቀጥ ብሎ ቆመ፤
ወረደ፤
እሱ የለም።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
እንዲህ ነው የምቆጥረው፣ ሰው ውሃ ሲውጠው፤
ልቤ ግን ያን ዕለት፣ ቁጥሩን አላመነው።
ብቅ አለ በስተግራ፤ በማንገቻው ሳብኩት፣
ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ሲተፋ ጠበቅኩት፤
ይሰድበኛል ብዬ፣ ወይ አውጣኝ ይላል ብዬ።
እሱ ግን ጎማውን
መታ መታ አደረገው በመዳፉ፣ እንደ በሬ ሽንጥ፤
"ለካ ቀላል ነህ" አለው፣
"ለካ እንዲህ ቀላል ነህ፣ አንተ የውሸት ከባድ!"

ዳር ላይ ስንደርስ፣ ባልንጀሮቹ ቆመው፣
እጅ ነሡት ሁሉም፣ ባርኔጣ አውልቀው፦
"ጌታዬ፣ ባዶ እጅዎን፣ ቀስ ብለው ይውጡ፤
ውሃ ከጠማዎት፣ ለእኛ ትእዛዝ ይስጡ።"
ወጣ ባዶ እጁን።
በየሃያው እርምጃ፣ እንደ ጥርስ ሐኪሙ፣
ቆመ እያለከለከ፤
ሸክም የለመደ ትከሻ፣
ባዶውን መሄድ አያውቅም ለካ።

አፋፉ ላይ ቀዝቃዛ ቢራ ሰጠነው።
እንግዳ ሁሉ እዚያ፣ ወንዙን ነው የሚያየው፤
እሱ ግን ጠርሙሱን ሳይከፍት፣ ዳገቱን አየው።
ከታች፣ ስምንት እግር ያለው ጥንዚዛ መስሎ፣
ጀልባው ይመጣል፣ አንድ ጎኑ አዘንብሎ።
በእሱ ቦታ የገባው፣ የሙንሳካ ልጅ ነው፤
ገና ሁለት ቀኑ።

ቢራው በእጁ ሞቀ።
ጉርሻውን ቆጥሮ ይዟል፣ ለአራቱም እኩል፤
እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ዝም ብሎ ሊጠብቅ ሞከረ፤
አልቻለም።
ከአፋፉ አጎንብሶ ጮኸ፦
"አንተ ልጅ! በግራ ነው! በግራ ትከሻህ!
ቀኙን ለነገ ተወው!"