ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ደቻቱን በእግር አልፈን፣ አሸዋው ሳይግል፣
ገንደ ቆሬ ገባን፣ ድሃን ከድሃ ልንከፍል፤
እኔና ጠይባ፣ ሦስተኛው ኦብሴ፣
እስክሪብቶው በእጄ፣ ኮታው በኪሴ።

የሴፍቲኔት ኮታ አርባ ሰው ነው።
የተሰለፈውን አልቆጠርኩም።

አዴ መይሙና በርጩማ አወጡልን፣
ከጎረቤት ሮጠው፣ ተበድረውልን።
«ጡረታ አለ ወይ?»
«የባቡሩ? አለች፣ የሟቹ ጡረታ፤
ዘይትና ሳሙና፣ አለቀች ለማታ።»

«አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ፍሪጅስ?»
ሳቁ። ወደ ጥጉ መሩኝ።
ነጭ ነው፣ ረጅም፤ ገመዱ ተቆርጧል፣
በሩ እንዳይከፈት በሻሽ ተጠፍሯል።
ውስጡ የልጅ ልጃቸው ደብተር፣ አንድ ጣሳ ሩዝ፣
የክትባት ካርድ፣ የባልየው የሥራ ቆብ።
«አይጥ አይገባበትም» አሉኝ፣
ቪላ እንደሚያስጎበኝ ሰው።

«ፍሪጅ» ይላል ቅጹ፤ «የሚሠራ» አይልም፤
ልጨምርበት ብል ባዶ ቦታ የለም።
ብጽፍ እሳቸው ወደቁ፤ ብዘልም ዋሸሁ፤
ጠይባን አየኋት፤ ጫማዋን አየች።

ደግሞ ከግንቡ ማዶ ኢልሚ ዓይነ ስውሩ፣
ፍሪጅ ብሎ ነገር! አንሶላ ነው በሩ።
አዴን ካስገባሁኝ ኢልሚን ማን ያስገባው?
አርባ አንድ የሚባል ቁጥር ከየት ላምጣው?

ፀሐይዋ በርትታ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
አዴ ጆግ ይዘው መጡ፣ «ልጄ፣ ውሃ ጠጣ»።
ጠጣሁ። ለብ ያለ ነው፣
እንደታመመ ሰው እጅ።
«ቀዝቃዛ ባገኝላችሁ» አሉ፣
ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣
ወደ ጥጉ ሳያዩ።

እስክሪብቶዬ ገና
ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ነበር።