ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ድሮ ዓሣ ነበር የምመዘግበው፣
አሞራ ገደል፣ ከማኅበሩ በር፣ ከሚዛኑ ሥር፤
ቆሮሶ ይህን ያህል፣ አምባዛ ይህን ያህል፣
ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር።
አባ ኮዳ ከኋላዬ ቆሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣
እንደ ኦዲተር ያየኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፈው ሰው ነው።
ሐዋሳ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከኤክስሬይ ክፍል ቀጥሎ፤
መብራት ሲሄድ የሚከዳኝ አንድ ኮምፒውተር፣
አንድ ወፍራም መዝገብ፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠቅልሎ።

ቅጹ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ዓምዶቹ ጠባብ።
ተራ ቁጥር። ስም እስከ አያት። ተቀባይ። ሰጪ።
ዝምድና። የተሠራበት ቀን። መድኃኒት በሚሊግራም። ሁኔታ።
ይኸው ነው፤ ለሌላ ነገር የለውም ቦታ።

ለምን እንደመጣ አውቃለሁ።
አምና በጥቅምት ክኒኑ ጠፋ።
ከላይ ተደወለ፤ «ለስንት ሰው እንላክ? ስንት ናቸው?»
ዶክተር ዘርፌ በጣቷ ቆጠረች፣ አንዱን ረሳች፣
እንደገና ጀመረች፤
ነርሷ ከስልኳ፣ ዘበኛው ከትዝታው አዋጣ፤
እንደ ዕቁብተኛ ከበን ተቀመጥን፣
ቁጥሩ ግን አልመጣ።
ያልተመዘነ ዓሣ አይሸጥም፤
ያልተቆጠረ ሰው ክኒን አይደርሰውም።

እናም ጀመርኩ። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከጥቁር ውሃ
ወረቀታቸውን በላስቲክ ቋጥረው መጡ፤
አንዳንዱ የህንድ አገር ማኅተም ያረፈበት፣
አንዳንዱ ዝናብ ያራሰው፤
ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት
ስልካቸው ሲጮህ ክኒን የሚውጡ፣
ወንበር ሲሰጣቸው «ግድ የለም» እያሉ የማይቀመጡ።

ንቅለ ተከላ ይላል ቅጹ።
ነቅሎ መትከል። ቃሉ ከሐኪም አፍ የወጣ አይመስለኝም፣
የጓሮ ቃል ነው፤ አፈር አፈር ይለኛል።

ዐሥራ ሰባተኛው፣ ላሚሶ ዳንጊሶ በራሳ።
ሰጪ፣ አርፋሴ ዳንጊሶ። ዝምድና፣ እህት።
ሁኔታ፣ ባዶ።
«ስድስት ወር ያልታየ ጠፍቷል ተብሎ ይሞላ» ይላል መመሪያው።
ጠፍቷል? ሰው ቁልፍ ነው?
እኛ ዘንድ መረብ እንኳ ሲጠፋ
ጀልባ ወጥቶ ይፈለጋል፣ ሌሊቱ ቢከፋ።

ደወልኩ። ሦስቴ ዝም። በአራተኛው
የሴት ድምፅ፣ ከጀርባዋ የባጃጅ ጩኸት፤
«አርፋሴ ነኝ። ስልኩ የሱ ነው።
ካርድ የምሞላለት እኔ ነኝ።»
«እሱስ?» አልኳት።
«በሐምሌ» አለች፣ ወሩን ብቻ።
እኔም ወሩን ብቻ ጻፍኩ።

ስልኩ ካርድ እየበላ ዝም አልን።
«እናታችን ጓሮ» አለች በኋላ፣ «እንሰት
ሁለቴ ሦስቴ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ ይጸድቃል።
የኔ አንዴ ነው የተነቀለው። አራት ዓመት ጸደቀ።
አሁን አብሮት ተኝቷል፣ ከቤታችን ኋላ።
ለቀስተኛው ‹ጌታ ያጽናናሽ› ይለኛል ስለ ወንድሜ፤
ከኔም እኮ የተቀበረ አለ፤
ስለሱ ማን ምን አለ?»

ደግሞ ጠየቀችኝ፦
«ስሜን የት ጻፍሽው?»
«ሰጪ ከሚለው ሥር።»
«ከዚያስ? ስለኔ ምን ይላል?»

ዓምዱን በጣቴ ተከተልኩት።
ከ«ዝምድና» በኋላ ወረቀቱ ወደሱ ይሻገራል፤
የሱ ቀን፣ የሱ ሚሊግራም፣ የሱ ሁኔታ።
ግፊቷ፣ ጎኗ፣ ጄሪካን ታነሣ እንደሆን፣
በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ማታ፣
የሚጠይቅ የለም።

«ምንም» አልኳት።
የሳቀች መሰለኝ።
«እኔ ግን አለሁ» አለችና ዘጋችው።

ማስመሪያ አወጣሁ።
ከገጹ ጠርዝ፣ ወረቀቱ ለፋይል በሚበሳበት በኩል
አንድ ቀጭን ዓምድ አሰመርኩ። ርእስ አልሰጠሁትም።
አዲስ አበባ ላይቀበለው ይችላል፤ መብሻውም ይበላው ይሆናል።
በዐሥራ ሰባት ትይዩ
«አለች» ብዬ ጻፍኩ። ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገልጬ፣
ወደ አንድ ቁጥር ተመልሼ፣
የሰጪውን ስልክ ፈለግሁ።
ይጠራል።